ያልጮኸው ጅራፍ

ለፋንትዬ፣ ለዕጣ ፋንታዬ፤

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ቅጠል ሲረግፍ ሄድሽ፤ አሁን ደግሞ የጎረቤታችን ዛፍ በአንድ ጎኑ ቢጫ ማለት ጀምሯል። እንዴት ሰነበትሽ አልልሽም፤ ከእኔ እንደምትሻዪ አውቃለሁ። ሌላው ቢቀር እዚያ የካልጋሪ ንፋስ የለም። ናፍቆቱን ሊጽፍልኝ ነው ብለሽ ግን አትዘጋጂ። የያዝኩት ስሞታ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም፤ አለዚያ ስሞታዬን አትሰሚኝም። ሰፈራችን ኤሪን ውድስ እንደ ተውሽው ነው። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ጠግኜዋለሁ፤ ከጠገንኩት ወዲህ ነው በደንብ ማንጠባጠብ የጀመረው። ከመስኮቱ ዳር አበቦችሽ ሁለቱ እየተንከባከብኳቸው ሞቱ። ሦስተኛውን ተናድጄ ተውኩት፤ እሱ ይኸው ይፋፋል። የትምህርት ቤት ባሴን እነዳለሁ። ልጆቹ እኔ በልጅነቴ በአንበሳ ተሳፍሬ ትምህርት ቤት እመላለስ እንደነበር አሁንም ያምናሉ። አልዋሸኋቸውም፤ አንበሳ የአውቶቡስ ስም መሆኑን ብቻ ነው ያልነገርኳቸው። ሄለን፣ የእህቴ ልጅ፣ በየቅዳሜው ከኤርድሪ ከተማ እየነዳች ትመጣና ፍሪጄን ከፍታ ትቆጣኛለች። “ጋሼ፣ ሲሪየስሊ፣ ሰናፍጭ እራት አይሆንም!” ትለኛለች። እሷና ባሏ ቤዝመንታቸውን አጽድተው “ና እኛ ጋ ኑር” ብለውኛል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ዘንግ አያስወረውርም ብዬ እምቢ አልኳት። ቀልድ መሰላት። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ስሞታዬ እንግዲህ ይኸው ነው። አስተምረሽኝ ሳትጨርሺ ሄድሽ።

ያን ዘንግ ከምትሠሪበት ሆቴል ይዘሽልኝ የመጣሽበትን ቀን አስታውሺ። አንድ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ትቶት ሄዶ፣ ፈላጊ ሲጠፋለት ማናጀርሽ “ውሰጂው” ያለሽን። አንቺ የመጋረጃ መስቀያ መስሎሽ መስኮቱን ሁሉ ለክተሽበታል። እኔ የዓሣ ማጥመጃ መሆኑን ሳውቅ ላይብረሪ ሄጄ የቪድዮ ካሴት ተዋስኩ። አስተማሪ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። መኪናም እንግሊዝኛም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፤ ሁለቱም ላይ ይታወቃል ትይኝ ነበር።

ለደጀኔ ስነግረው ያለኝን እስካሁን አልረሳሁም። ከቅዳሴ መልስ ሰው በተሰበሰበበት ነው የያዘኝ። ያ የሰፈሬ ልጅ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ምላሱ መቼም አይዝግም።

“ፍላይ ፊሺንግ? ፍላይ ማለት ዝንብ አይደለም እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ዝንብ ለማጥመድ ነው ካናዳ ድረስ የመጣኸው? አገር ቤት ዝንብ ጠፍቶ ነው?”

“ዝንቧን አልይዛትም፤ ዓሣውን የምትይዘው እሷ ናት” አልኩት።

“ታዲያ አንተ እዚያ ቆመህ ምን ትሠራለህ?”

ከሁሉ ቀድመሽ የሳቅሽው አንቺ ነሽ። በስንት መከራ አስረዳሁት። ትል የለም፤ ላባና ክር መንጠቆ ላይ ይታሰርና ለዓሣው ነፍሳት ይመስለዋል፤ ዝንብ የምንለው እሱን ነው። ዝንቧ ክብደት ስለሌላት የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው። ክሩ በዘንጉ ወደ ኋላ ይወረወራል፣ ከኋላ እስኪዘረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይለቀቃል። ደጀኔ ሁሉንም በጥሞና ሰምቶ “ይሄማ ጅራፍ ነው” አለ።

እኔም እንደሱ ነበር ያልኩት። መጥፋቴም እዚያ ላይ ነው። ጉለሌ ሳድግ በቡሄ ሰሞን የእኔ ጅራፍ ሲጮኽ ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች መልስ ይሰጡ ነበር። ያ ክንድ አሁንም ከትከሻዬ ጋር ተያይዞ አለ። ቦው ወንዝ ዳር መጀመሪያ የቆምን ቀን ክሩን ወደ ኋላ ላክሁት፣ ቀጨት አድርጌ መለስኩት፤ ጧ! አለ። ዳክዬዎቹ ተነሡ። ዞሬ አየሁሽ፣ ታጨበጭቢልኛለሽ ብዬ። ክሩን ስስበው ጫፉ ላይ ምንም የለም። ዝንቧ ተበጥሳ ሄዳለች። ለካ ጅራፍ የሚጮኸው ተዘርግቶ ሳያልቅ ሲመልሱት ነው፤ ቡሄ ላይ የሚያስመሰግነው ነገር ወንዝ ዳር ዝንብ ያስበላል።

አንቺ ግን ጅራፍ ይዘሽ አታውቂም። በቡሄ ደጃፍ ላይ ቆመሽ ሙልሙል የምትሰጪ ነበርሽ እንጂ። ስለዚህ እጅሽ የሚረሳው ነገር አልነበረውም። ወረወርሽ፣ ጠበቅሽ፣ ለቀቅሽ። ክሩ በአየር ላይ ተተርትሮ ዝንቧ ውሃው ላይ እንደ አቧራ አረፈች። እኔ አሥር ጊዜ ካሴት አይቼ፣ አንቺ ካሴቱን ሻይ እያፈላሽ በጨረፍታ አይተሽ! “ንፋሱ ነው፣ ዘንጉ ነው፣ ክሩ አርጅቷል” እያልኩ ስጮኽ ፈገግ ብለሽ “ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል” አልሽኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ተረት ጠልቼዋለሁ።

ከዚያ ነው እንግዲህ ቆጣሪዬ የሆንሽው። ከጎኔ ራቅ ብለሽ ትቆሚና ክሩ ወደ ኋላ ሲሄድ “ቆይ” ትያለሽ፤ ሲዘረጋ ደግሞ “አሁን”። ካልሽኝ ያምራል። ዝም ካልሽ ይጮኻል። “ቆይ”ሽን ጥንትም አውቃት ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ቀልድ ምላሴ ላይ መምጣቱን ከጀርባዬ ታውቂና የኮቴን ጫፍ ሳብ ታደርጊ ነበር። የአቶ አበራ ለቅሶ ላይ ያዳንሽኝን አልረሳሁም፤ ሟቹ ሁልጊዜ ይዘገይ የነበረ ሰው ነው፣ ዛሬ ብቻ ቸኮለ ልል ነበር። ኮቶቼ ሁሉ ከኋላ በኩል የረዘሙት በአንቺ ነው።

ባሕር የሄድነው ከዛሬ ሁለት ክረምት በፊት ነው። ተራሮቹን ተሻግረን፣ መኪናችንን መርከብ ላይ ጭነን፣ ቫንኩቨር ደሴት። በነሐሴ ሳልመን ወደ ወንዙ ሊገባ ዳር ዳር ሲል ከባሕር ላይ በዝንብ ይያዛል ሲሉ ሰምቼ ነው። የመጀመሪያው ማዕበል ፊትሽን ሲረጭሽ ከንፈርሽን ላስ አድርገሽ “ይሄን ምስር ወጥ ላይ ብናፈሰው ጨው አያሻውም” አልሽ። እስከ ደረት በሚደርሰው ላስቲክ ሱሪ ገባሽና ከባሕር ሣሩ አሻግረሽ ወረወርሽ። የባሕር ንፋስ ፊት ለፊት እየመጣ! ዓሣዎቹ ከሣሩ ማዶ እየዘለሉ ነበር፤ የእኔ ክር ሣሩ ላይ እንኳን አይደርስም። አንቺ ያዝሽ። የብር እንክብል የመሰለ ሳልመን አቅፈሽ አሳየሽኝና ለቀቅሽው። “ፍልሰታ ነው” አልሽ። ደጀኔ በኋላ ሲሰማ “ዓሣ እኮ በጾም ይፈቀዳል!” ብሎ ሊከራከርሽ ሞከረ። “ለያዘ ሰው ይፈቀዳል፤ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ባሌን ጠይቀው” አልሽው። እኔን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰሽ ቡናሽን ጠጣሽ።

ከርሞ እንመለሳለን አልን። ከርሞ አንቺ አልጋ ላይ ነበርሽ። ለቀሚስሽ ጥልፍ ካስቀመጥሽው ሮዝ ክር እየቆረጥሽ፣ ትራስ ተደግፈሽ፣ ዝንብ ታስሪ ነበር። “ለሚመጣው ቡሄ” እያልሽ በከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ደረደርሻቸው። እጅሽ ሲደክም መንጠቆውን እኔ እይዝልሽ ነበር። ለማን እንደምታስሪያቸው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አሁን ስሚኝ፣ አትቆጪ። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ቆርቆሮውን ይዤ ቦው ወንዝ ወረድኩ። የአንቺን ዝንብ ካሰርኩ እጄ ይሰበሰባል ብዬ ነበር። ጧ! አንዷ ሄደች። ጧ! ሌላዋ። ሣር ውስጥ በጉልበቴ ዳኸሁ፣ ሮዝ ነገር ፈለግሁ፤ ያገኘሁት የማስቲካ ወረቀት ነው። በበነጋታውም ሄድኩ። ሰው ዝንብ እየጠፋበት ለምን ይሄዳል? እኔ እንጃ፤ በያንዳንዷ ላይ ይህቺኛዋን በደንብ እጠብቃለሁ እላለሁ፤ ክንዴ ግን የጉለሌ ልጅ ነው። አንድ ስትቀር ቆርቆሮውን ከደንኩ። ጅራፉ ዝም እስኪል አልከፍተውም ብዬ ማልኩ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ኳስ ሜዳ ላይ ነኝ። በክሩ ጫፍ ላይ በዝንብ ፋንታ ቀይ የሹራብ ክር አስሬ ሣር ላይ እወረውራለሁ። አንድ ጎረቤት በየማለዳው ውሻውን እየጎተተ ያልፋል። “የያዝከው አለ?” ይለኛል። በየቀኑ፣ ያንኑ ቀልድ፣ እንደ አዲስ እየሳቀ። ትናንት ውሻ ይዤ ለቀቅኩ ስለው ውሻውን ወደ ራሱ ሳበው። የቪድዮው ሰውዬ ደግሞ “ሪላክስ” ይለኛል። ሪላክስ! ለተናደደ ሰው ሪላክስ የሚል ሰው መወርወር ያለበት ራሱ ነው። በፔጋን ትሬይል ጎዳና በኩል የሚመጣው ንፋስ ሹራቡን ጆሮዬ ላይ ያስርልኛል። ሰኔ ላይ በረዶ መታኝ፤ ባዶ ሜዳ ላይ ረዥም ዘንግ ይዤ በነጎድጓድ መቆሜ ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ሄለን ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩ ላይ ቁጭ ትልና ታዳምጥልኛለች። “ጮኸ” ትላለች። “ጮኸ። ጋሼ፣ ጮኸ። ኦ፣ ዛት ዋን ዋዝ ሪሊ ጮኸ።” አንቺን እንድትተካ ብዬ “ቆይ በይኝ እስቲ” አልኳት። አለችልኝ። ግን ትዘገያለች፣ ወይ ትቸኩላለች፤ ስልኳን እያየች ነው የምትለው። በመጨረሻ “ጋሼ፣ እኔ እንዴት አውቃለሁ? ክሩን የያዝከው አንተ ነህ” ብላ ተቆጣችኝ። አኮረፍኳት። ሳስበው ግን እውነቷን ነው። አንቺ ከየት ታውቂ ነበር?

ከዚያ አንዲት ማለዳ መጣች፣ ፋንትዬ። ዝናብ አባርቶ፣ ንፋስ የለ፣ ባለ ውሻው የለ። ደክሞኝ ስለነበር ክንዴ ለመቀጨት አልተነሣም። ክሩን ወደ ኋላ ላክሁትና ሰነፍኩ። ያኔ ክሩ ከኋላዬ ተዘርግቶ ሲያልቅ፣ የዘንጉን ጫፍ ሳብ አደረገው። ትንሽ ሳብ፤ እጄ ላይ ብቻ የሚሰማ። እንዲያ ብሎ ሲስበኝ ዞሬ ፈለግሁሽ። እውነቴን ነው፣ የኮቴን ጫፍ የያዝሽው መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም፤ ክሩ ሣሩ ላይ ወደቀ። እንደገና ላክሁ፣ ሳብ ሲያደርገኝ ለቀቅኩ። ሹራቡ ከሜዳው መሐል አልፎ፣ ተተርትሮ፣ ድምፅ ሳያሰማ አረፈ። ያንን ደስታ ለማን እነግረዋለሁ? ለምሳ ቤት አልገባሁም። ሃያ ዓመት ያነሰኝ ይመስል ወረወርኩ፣ ወረወርኩ። እያንዳንዱ ከፊተኛው ትንሽ ይሻላል፤ ክንዴ የሚያውቀውን ነገር ትቶ አዲስ ነገር ሲማር ይሰማኛል። በዚህ ዕድሜ እጅ ይማራል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

በነጋታው ጧ! አለ። ተይው።

ለቡሄ ሄለን ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ወደዚያው ደሴት ወሰደችኝ። መንገድ ላይ “ቡሄ ኢዝ ላይክ ሃሎዊን፣ ራይት?” አለችኝ። አዎ፣ ጅራፍ ያለበት አልኳት። ያ ጠጠራማ ዳርቻ እንደ ነበረ ነው፤ የባሕር ሣሩም እዚያው፣ ዓሣዎቹም ከሣሩ ማዶ እንደዚያው እየዘለሉ። ንፋሱ ከባሕሩ ይነፍሳል። ከሱቅ የገዛኋቸውን ዝንቦች ነበር የምወረውረው። አንዳንዱ ያምራል፤ ከዚያ ዓሣ ሲዘል አያለሁ፣ እቸኩላለሁ፣ ጧ! ሄለን ብርድ ልብስ ተከናንባ ግንድ ላይ ተቀምጣ “ጮኸ” ትላለች። ከጎኔ የቆሙት ሁለት ሰዎች ጆሯቸውን ሰብስበው ራቅ አሉ። ሦስት ቀን እንዲህ። በሦስተኛው ቀን፣ በራሱ በቡሄ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የሱቁ ዝንብ አለቀ። ውሃው ከዳርቻው መሸሽ ጀመረ፤ ዓሣውም አብሮት ይርቃል። ዘንጉን ጉልበቴ ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። የተሳደብኩትን አልጽፍልሽም፤ ፍልሰታ ነበር።

ሄለን “እንሂድ፣ ጋሼ፤ ኢትስ ኦኬ” አለችኝ።

ኦኬ አልነበረም። ቆርቆሮው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ይዤው ብመለስ ያቺ ዝንብ ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ መደርደሪያ ላይ፣ ከአበባሽ ጎን። ብወረውራት ክንዴ ሊበላት ይችላል፤ ከእጅሽ የቀረችኝ ያቺ ብቻ ናት። ከፈትኩት። ሮዟ ክር አልደበዘዘም። አንገቷ ላይ የቋጠርሻት ቋጠሮ ትንሽ ተጣሟል፤ ያን ቀን እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለመደርደሪያ ብታስሪያት ኖሮ መንጠቆ ባላስገባሽባት አልኩ። አሰርኳት። የተረፈውን ክር በጥርሴ ስቆርጠው ሄለን ከግንዱ ላይ ተነሥታ ቆማለች።

ዓሣዎቹን እንዳላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ክሩን ወደ ኋላ ላክሁት። ክንዴ ሊቀጨው ተነሣ። ቆይ አልኩት። ንፋሱ ፊቴ ላይ ነው። ቆይ። ረዘመብኝ፤ የወደቀ መሰለኝ። ከዚያ ሳብ አደረግሽኝ።

ለቀቅኩት።

ድምፅ አልነበረም። ዓይኔን ስገልጥ ክሩ ገና ከሣሩ በላይ እየተተረተረ ነበር። አለፈ። ከሄለን በኩል “ጋሼ... አልጮኸም እኮ” የሚል ሰማሁ፤ ያለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል። ዞሬ ላጉራራ አፌን ስከፍት ዘንጉ ጎበጠ። ሳልመኑ ይዟት ሮጠ። የክሩ መጠቅለያ መዘውር በእጄ ውስጥ ፉጨት ሆነ። እስከ ደረቴ ገባሁ፣ እየሳቅሁ፣ ስምሽን እየጠራሁ፤ ሰዎቹ ፋንትዬ የዓሣው ዓይነት ስም ሳይመስላቸው አልቀረም። ሣሩን ዞረብኝ፣ ክሩ ተጠመጠመ፣ ተበጠሰ። ክሩ ባዶውን ተመለሰ።

ጮኽኩ፣ ፋንትዬ። ዳርቻው ሁሉ እስኪሰማ ጮኽኩ። ጅራፉ ዝም ብሎ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ሄለን አብራኝ ስትጮኽ ቆየችና፣ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ ሳይለይልኝ፣ “አት ሊስት ዓሣ ነው የወሰዳት” አለች።

ይህን ልነግርሽ ነው የጻፍኩት። ያቺኛዋን ጅራፌ አልወሰዳትም። የጉለሌው ልጅ አላጠፋትም። ለምን እንደ ሠራሻት ታውቃለች፤ ለዚያው ሄደች። አሁንም ግን ተናድጃለሁ። ያ ዓሣ ትልቅ ነበር፤ ለደጀኔ ያሳየሁትን መጠን እጄ ቢያሳይሽ ትስቂብኛለሽ። ዛሬም ጠዋት ሜዳ ላይ ሁለቴ ጮኸብኝ፤ ባለ ውሻውም “የያዝከው አለ?” አለኝ። አዎ፣ ባሕር ላይ ተይዤ ነበር አልኩት፤ የእንግሊዝኛዬ ስህተት መስሎት አለፈ።

የሮዝ ክርሽን መያዣ አውርጄዋለሁ። ማሰር ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያዋ በረሮ ትመስላለች፤ ሄለን “ኩል፣ አሪፍ ናት” ብላ ፈርታ መለሰችልኝ። ለሙት ዓመትሽ ሰው ሲሰበሰብ ደጀኔ ስለ ዝንብ ማንሳቱ አይቀርም፤ ለእሱ የሚሆን መልስ ከአሁኑ ምላሴ ላይ አለ። አትስጊ። ለቅሶ ቤትም፣ ሜዳም፣ ባሕርም፣ እያንዳንዷን “ቆይ” እስክሞት እይዝልሻለሁ። አንቺ ብቻ የኮቴን ጫፍ ሳብ አድርጊልኝ። ከእንግዲህ ሳልዞር እጠብቃለሁ።

የአንቺው ቀልማዳ